የመሪጌታ እጅ

ሮዳስ ለጥናቷ ደብረ ብርሃንን የመረጠችው፣ እንደ እሷ አባባል፣ "ጭብጨባው ያልተበላሸ" ከተማ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ክላሲካል ሙዚቃ የሚያዘወትር ሰው ሥርዓቱን ተምሯል፤ ሙዚቃው አራት ክፍል ካለው በየመሃሉ ጸጥ ይላል፣ ሲያልቅ ያጨበጭባል። ያልተማረው ግን ደስ ባለው ቦታ ሁሉ ያጨበጭባል ብላ ገምታለች። ይህን በቁጥር ካሳየች ማስተርሷን ትጨርሳለች፤ ካላሳየች አማካሪዋ ሌላ ዓመት ሊያስቀምጣት ቆርጧል። ለሙከራው ባዘጋጀችው ኮንሰርት የሚጫወቱት አራት ሙዚቀኞች እንኳ በስንት ልመና ለአንድ ከሰዓት በኋላ የመጡላት ናቸው።

ይህን ሁሉ ያሰበች ልጅ አፏን መያዝ አቃታት። በኮንሰርቱ ዋዜማ አባቷን ልትጋብዝ አንኮበር አጠገብ ወዳለችው ጎረቤላ ወረደች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሰንበት አርባ ዓመት አቋቋም፣ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ከነጭብጨባውና ሽብሸባው ያስተማሩ፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን የሚከበሩ ሰው ናቸው። ጨዋታ ይዟት፣ "በየክፍሉ መሃል ማጨብጨብ እኮ በፈረንጅ ዘንድ ነውር ነው" አለቻቸው።

"ደግ አደረጉ" አሉ መሪጌታ። "እኛስ ብንሆን? ዜማው ሳይሞቅ እጁን የሚያማታ ተማሪ በመቋሚያ ነው የማቀምሰው።"

"ነገ ይመጡልኛል አይደል፣ አባባ?"

"ልጄ ጠርታኝ ልቀር?"

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ፤ የደብረ ብርሃን ብርድም ሳይጋበዝ ገብቶ ከሁሉም ጋር ተቀመጠ። መሪጌታን ያየ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ፤ ይዘው ወስደው ፊት ወንበር ላይ አኖሯቸው። ሮዳስ ቅጿን ዘርግታ ጥግ ያዘች። የቅጹ የመጀመሪያ መስመር "ተመራማሪ አያጨበጭብም" ይላል፤ የጻፈችው ራሷ ናት።

አንደኛው ክፍል አለቀ። አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ሮዳስ ዜሮ ጻፈች። ሁለተኛው ቀስ ያለ፣ የሚያሳዝን ነበር፤ ቼሎ የሚባለውን ትልቁን ባለ አውታር መሣሪያ የምትጫወተው ልጅ ዓይኗን ጨፍና ስትጎትተው ከኋላ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። እሱም አለቀ፤ ዜሮ። ያየችው እንቅስቃሴ አንድ ብቻ ስለሆነ "ፊት ወንበር፣ አንድ አዛውንት፤ በርዷቸዋል፤ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተቱ" ብላ መዘገበች። ሦስተኛውም ዜሮ።

ሮዳስ ግራ ገባት፤ ቀና ብላ ሕዝቡን አየች። ሰዉ መድረኩን ሳይሆን መሪጌታን ነው የሚያየው! ታላቅ ሳይቆርስ ማዕድ የማይነካ ሰው፣ ታላቅ ሳያጨበጭብ ሊያጨበጭብ ኖሯል? እንኳን አማካሪዋ፣ እሷ የመሪጌታ ልጅ ይህን ዘነጋችው።

አራተኛው ክፍል አለቀ። ሙዚቀኞቹ ተነሥተው እጅ ነሡ። አዳራሹ ጭጭ። ባለ ቼሎዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ መጣ። መሪጌታ ደግሞ ይኸኛው የመጨረሻው ክፍል መሆኑን በምን ይወቁ? ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ፤ "አሁን ነው?" የሚሉ ይመስላሉ።

ሮዳስ ቅጿን አየች፣ አባቷን አየች፣ ባለ ቼሎዋን አየች። ከዚያ ብዕሯን ጣለችና አጨበጨበች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አስደግፈው ተከተሉ፤ መጀመሪያ ረገብ አድርገው፣ ከዚያ እያሞቁ፣ እንደሚያስተምሩት። አዳራሹ አብሮ ሞቀ፤ እልልታው ቀለጠ። ባለ ቼሎዋ እያለቀሰች ሳቀች። ጥናቱ ግን ገደል ገባ፤ "ጭብጨባውን የጀመረው ማን ነው?" ለሚለው የቅጹ ጥያቄ መልሱ "ተመራማሪዋ" ሆነ።

ሕዝቡ ሲወጣ መሪጌታ ወደ ልጃቸው መጡ።

"አሳፈርኩሽ እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም፣ አባባ።"

"ሁለተኛው ላይ ለትንሽ አመለጠኝ። ያቺ ትልቁን የያዘችው ልጅ አንጀቴን በላችው። እጄ አልታዘዝ ቢለኝ፣ ነውር ነው ብለሽኝ የለ፣ ልጄን ከማዋርድ ብዬ ጋቢዬ ውስጥ ቀበርኩት። እዚያም ሆኖ አላርፍ አለ።"

ሮዳስ አንገቷን ደፋች። ብዕሯን ከወለሉ አንሥታ ቅጿን ገለጠች፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ "በርዷቸዋል" የሚለውን ሰረዘችና "አጨበጨቡ" ብላ ጻፈች።