ማንም ያልጠየቀው ሰዓት

ኮዱን ከላይ እስከ ታች ደግማ ፈተሸችው። ስሟ የለም።

ጸሐፊው ተብሎ የሰፈረው የክፍል ኃላፊው ነው። ዓይኗ እስኪቀላ ስትሠራው የከረመችውን የሰዓት ድራይቨር፣ የቺፑን ምት የሚያዘውን ፕሮግራም፣ የራሱ አድርጎ፣ ከርነሉን ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና ፕሮግራም በየአገሩ ሆነው የሚሠሩ ሁሉ እንዲያዩት ልኮታል።

"እንዴት አየሽው?" አላት ከኋላዋ። ሽቶው ቀድሞት ገብቶ ስለነበር ዘወር አላለችም። እሱ በሌለበት ሠራተኛው "ሽቶ" የሚለው ለዚህ ነው።

"ስሜ የት ሄደ?"

"አይ አንቺ! ሥራው የቡድን አይደል እንዴ? ያን ያህል ዓመት ውጭ ስትማሪ ይህን አላስተማሩሽም?" ሳቀ። "ደግሞ አጽድቼልሻለሁ፤ ትርፍራፊው በዝቶ ነበር።"

ትርፍራፊ? ወደ ኮዱ ተመለሰች። ያኔ ነው ያየችው፤ አንድ መስመር ጎድሏል።

ሊሸጡት ባዘጋጁት የፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ፣ ቺፑ ውስጥ ያለ ማንኛውም ክፍል የሚሠራው ሰዓት እንደ ልብ ሲመታለት ነው። ከርነሉ ተነስቶ ሲያበቃ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ሰዓት፣ ኃይል እንዳይባክን ብሎ ያጠፋዋል። በዚህ ቺፕ ላይ ሚሞሪውና ስክሪኑ አንድ ሰዓት ይጋራሉ። ስክሪን ሲሰካ ሰዓቱን ይጠይቀዋል፤ ሚሞሪው ግን ራሱ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ስክሪን ካልተሰካ ሰዓቱ ይጠፋል፣ ሚሞሪውም ቦርዱም አብረው ቀጥ ይላሉ። እሷ "ይህ ማንም ባይጠይቀውም አይጥፋ" የሚል መስመር ያስገባችው ለዚህ ነበር። ሽቶ የሰረዘው እሱን ነው። ቦርዱ እስካሁን ቀጥ ያላለው ስክሪን ስለተሰካበት ብቻ ነው።

"ገዢዎቹ መጥተዋል" አላት ክራቫቱን እያስተካከለ። "ፓምፕ ቤት ውስጥ ስክሪን የለም፤ ስለዚህ ስክሪኑን ንቀይና ቦርዱ ብቻውን ይነሳ። አንቺ ገመዱን ያዢ፤ ወሬውን ለኔ ተይው።"

"እንዳሉኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጠራ። ታላቅ እህቷ ነች።

"ፈረሙ?"

"ገና ናቸው። እትዬ፣ ሰውዬው እጄ ላይ ወደቀ።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ሽቶ። ሥራዬን ሰርቆ ሲያበቃ አበላሸው። የት ጋ እንደሆነ ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።"

"በይ ንገሪውና ተገላገይ! ዛሬ ከፈረሙ ቋሚ ያደርጉኛል ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ከውጭ ከመጣሽ ጀምሮ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው የምትተኚው። ወገብሽ አልደከመም?"

"ደክሟል።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ምንም። የታዘዝኩትን።"

"እንዲህ ረጋ ስትዪ ነው የምፈራሽ።"

ስልኩን ዘጋች። የመመለሷ ነገር ዛሬም ከነከናት፤ ውጭ አገር ሳለች ቢያንስ ስሟን በትክክል ባይጠሩትም አይሰርዙትም ነበር። እህቷ ግን እውነቷን ነው። በጆሮው ሹክ ብትለው ይበቃል፤ እሱ ይድናል፣ እሷም ቋሚ ትሆናለች።

ገዢዎቹ የተቀመጡበት አዳራሽ ውስጥ ስትገባ ልትነግረው አስባ ነበር። ጠረጴዛው ስር ገብታ የስክሪኑን ገመድ ጨብጣ፣ ንግግሩን ጨርሶ ጎንበስ እስኪልላት ጠበቀች።

"ይህን ድራይቨር ከመጀመሪያው ፊደል አንስቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ" ይላል ከላይ።

"ብቻዎን?" ጠየቀች አንዲት መነጽር ያደረገች ገዢ። "የረዳዎት የለም?"

ጫማው ከእጇ አጠገብ ነበር፤ ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

"ማንም።"

ገመዱን ሳብ አደረገችው። ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች፤ ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች።

"ነቅያለሁ" አለች። "ማስነሳት ይችላሉ።"

ከዚያም እንደ ወትሮው ከኋላ አልቆመችም። ፊቱን በደንብ የምታይበትን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።