የኤንትሬዋ አዲስ ጌጆች

"ቁም! ቁም! ጋሼ፣ ይቁሙ!"

ሪሐና የጭነት መኪናዋን የጎን ሳንቃ በሁለት መዳፏ እየደበደበች ጮኸች። መኪናዋ ግን ወደ ኋላ መምጣቷን አልተወችም። ከግድግዳው ሥር የቆመውን ባዶ የዘይት በርሜል ገፋችው፣ ከግንቡ ጋር አጣበቀችው፣ ወገቡን አጎበጠችው። ፍሬኗ ፍስስ ብሎ የተነፈሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አቶ ገብረጻድቃን ከጋቢናው ቀስ ብለው ወረዱና በርሜሉን አዩት።

"ይሄን ደግሞ ማን እዚህ ገተረው?"

"ትናንትም እዚሁ ነበር። ይቁሙ እያልኩ ስጮህ አልሰሙኝም እንዴ?"

"ስፖኪዮው አቧራ ለብሶብኝ ነው" አሉና በኮታቸው እጅጌ ሊጠርጉት ሄዱ።

ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነበር። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ስለማይፈቀድለት፣ ከኦሎምፒያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው ከዚህ ጋራዥ የደረሱት መንገዱ ሳይሞላ ነው። አሁን እስኪመሽ መውጣት አይችሉም። ያም ሆኖ ሰላምታ እንኳን ሳይጨርሱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ትንንሽ ካርቶኖች ከጋቢናው አውጥተው ለሪሐና አስታቀፏት።

"ከሶማሌ ተራ ነው የገዛሁት። አንዱ የውሃ ሙቀት መለኪያ፣ አንዱ የዘይት ግፊት። ሃያ አራት ቮልት መሆኑን ሦስቴ ጠይቄያለሁ። ዛሬ ትገጥሚልኛለሽ።"

ሪሐና ካርቶኖቹን ከፍታ ጌጆቹን አገላበጠቻቸው። የቻይና ሥራ ናቸው፤ ጥቁር ፊት፣ ቀይ መርፌ። ቀና ብላ መኪናዋን አየች። ፊያት ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት፣ ሹፌሮች ኤንትሬ የሚሏት፣ ከሪሐና በዕድሜ የምትበልጥ። የዳሽቦርዷ ጌጆች ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አቶ ገብረጻድቃን ግድ ብሏቸው አያውቅም። "እኔ ሞተሩን አዳምጣለሁ፤ ሲታመም ራሱ ይነግረኛል" ነበር የሚሉት።

"ምነው ዛሬ ጌጅ አስፈለገዎት?"

"ለቦሎ ነዋ። ምርመራ ላይ ያያሉ።"

አምና ቦሎውን ያገኙት በሞቱ ጌጆች እንደነበር ሪሐና ታውቃለች።

"አንድ ነገር ግን" አሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ዳሽቦርዷን አዲስ ቀዳዳ እንዳትበሺብኝ። በሥሩም ምንም አታንጠልጥይ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ነው ያረጀነው፤ ፊቷን አታበላሺብኝ።"

ሌላ ባለመኪና ቢሆን ሪሐና "በቆርቆሮ ሠርቼ ከሥር ልሰረው፤ ካልሆነ ሌላ ፈልጉ" ትል ነበር። ለእኚህ ሰው ግን እንዲህ አትልም።

ከአራት ዓመት በፊት የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን አባቷ መሐመድአሚን ነበር። አንድ ጠዋት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለውና አልጋ ላይ ዋለ። ሪሐና ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራውን ከሥሩ ሆና የለመደች ናትና የአባቷን ቱታ አሳጥራ ለብሳ ከሥራ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ደንበኞቹ ግን ይመጡና ካቻቢቴ በእጇ ይዛ እያዩዋት "ኤሌክትሪሺያኑ የለም?" ብለው ይመለሳሉ። በዚያ ክረምት ሦስት ጊዜ የመጡላት አቶ ገብረጻድቃን ብቻ ነበሩ። አንዴ ዋይፐር፣ አንዴ ክላክስ፣ አንዴ የፍሬን መብራት። በመጡ ቁጥር መኪናዋን በሩ ፊት ለፊት አቁመው፣ ወንበር አስወጥተው፣ ለሚያልፈው ሹፌር ሁሉ "የመሐመድአሚን ልጅ እየሠራችልኝ ነው" ይላሉ። ሌሎቹ አንድ በአንድ መመለስ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሪሐና ይህን ለማንም አላወራችም፤ ረስታው ግን አታውቅም።

ዳሽቦርዱን ስትፈታ ችግሩ ተገለጠ። የጥንቶቹ ጌጆች ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ አዲሶቹ ቢገቡበት ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። ከሞተሩ ላይ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰርም ጥርሱ ከጣሊያኑ ሞተር ጥርስ ጋር አይገናኝም። የድሮዎቹን ጌጆች ነቅላ፣ የሚያብረቀርቅ ክፈፋቸውንና መስታወታቸውን እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቃ አወጣችና ሁሉንም ይዛ እዚያው ጋራዥ ውስጥ በቶርኖ ብረት ወደሚቀርጸው ወደ ዲሪባ ሄደች።

"ሁለት የአሉሚኒየም ቀለበት ትቆርጥልኛለህ። ውጪው ለድሮው ቀዳዳ፣ ውስጡ ለአዲሱ ጌጅ ልክ። ከላይ የድሮውን መስታወት መልሼ እከድንበታለሁ። ለሴንሰሩ ደግሞ የነሐስ ማገናኛ።"

ዲሪባ ክፈፉን ብርሃን ላይ አንስቶ አየውና ሳቀ። "ሪሁ፣ ማለቴ፣ ለአሮጌ ኤንትሬ ይሄ ሁሉ? በቃ በሲልከን ለጥፊው!"

"ለሳቸው አልለጥፍም።"

ዲሪባ ፊቷን አይቶ ሳቁን አቆመ። "እሺ በቃ፣ ለክተሽ ስጪኝ።"

እስከ ምሳ ሰዓት ቀለበቶቹ ደረሱ። አንደኛው ትንሽ ጠቦ ስለነበር ዲሪባ ሁለቴ መልሶ ላጠው። ሪሐና አዲሱን ጌጅ ቀለበቱ ውስጥ ሰካች፣ ቀለበቱን ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ በላዩ የድሮውን መስታወትና ክፈፍ። ከውጪ ለሚያየው ሰው አዲስ ነገር የገባ አይመስልም። ከዚያ በኋላ የጠበቃት የሽቦው ጣጣ ነበር። መብራት ባበራች ቁጥር የሙቀቱ መርፌ ብድግ ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ በጀርባዋ ተኝታ ስትፈልግ ቆይታ፣ ሽቦው ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሦስት እጅ ቀለም ተሸፍኖ አገኘችው። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጋ ብረቱን አወጣችና አጥብቃ አሰረችው፤ መርፌው አደብ ገዛ።

አቶ ገብረጻድቃን ይህን ሁሉ ጊዜ መሪው ላይ ተቀምጠው በአድናቆት ያዩዋት ነበር።

"አባትሽ ቢያይሽ!" አሉ። "እንዴት ነው ዛሬ?"

"ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። በከዘራ ደጅ ድረስ ይወጣል" አለች ሪሐና ከዳሽቦርዱ ሥር ሆና።

"ሪሐና፣ አባትሽ እንዴት ነው አልኩሽ እኮ።"

ቀና አለችና ደግማ ነገረቻቸው። ፊታቸውን አይተው "ተመስገን፣ ተመስገን" አሉ።

ሙከራ ቀረ። ዲሪባ ከጎረቤት ሻይ ቤት የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አመጣ። ሪሐና የሙቀቱን ሴንሰር ከሞተሩ አውጥታ ሽቦውን ሳትፈታ ውሃው ውስጥ ነከረችው። መርፌው ተንቀሳቀሰ። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። ሰማንያ አምስትን ሲያልፍ ከጌጁ ጋር የመጣችው የማስጠንቀቂያ ጯኺ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ጩኸቷን ለቀቀችው። ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው። ዲሪባ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። በሩ ላይ የቆመ ሎተሪ አዟሪ ሳይቀር ዞሮ አየ።

አቶ ገብረጻድቃን ግን በመርፌው ተመስጠው እንደ ሕፃን ፈገግ ብለው ነበር።

"እንዴት ያምራል! ሪሐናዬ፣ ከልክ ሲያልፍስ ምልክት ምናምን ይሰጣል?"

ዲሪባና ሪሐና ተያዩ። ጩኸቱ አላቆመም። ሪሐና ሴንሰሩን ከውሃው አወጣችውና ጋራዡ ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

"ይሰጣል፣ ጋሼ" አለች። "መጣሁ፣ አንዴ።"

ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ምንም ላትሠራበት ፒንሳ አነሳች። ዲሪባ ተከተላት።

"ምንም አይሰሙም እኮ!" አለ በሹክሹክታ።

"አይቻለሁ።"

"ዝም በይ ባክሽ። ብትነግሪያቸው ይቀየሙሻል፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው። በቃ ሥራሽን ሠርተሻል።"

ሪሐና ፒንሳውን መልሳ አስቀመጠች። የጠዋቱ በርሜል ዓይኗ ላይ መጣ። በርሜሉ ቦታ የሰው ልጅ ቆሞ ቢሆንስ? ደግሞም እኚህ ሰው በጨነቃት ጊዜ ዝም ብለው አላለፏትም። እሷም ዝም ብላ ልታልፋቸው አልሆነላትም።

ጋቢናው ውስጥ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። በደንብ እንዲያዩዋት ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

"ጋሼ፣ ቅድም ማስጠንቀቂያው ጮኾ ነበር።"

"መቼ?"

"ይሰጣል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ። ያኔ እየጮኸ ነበር።"

የአቶ ገብረጻድቃን ፊት ደፈረሰ። "ቀስ ብሎ ይሆናላ! የቻይና ነገር..."

"በሩ ላይ ያለው ሰው ሰምቶታል።"

ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉት። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቆማ ባለች መኪና ውስጥ ረጅም መንገድ እንደሚያይ ሰው ወደ ፊት አፈጠጡ።

"በሞተሩ በኩል ያለው ጆሮዬ ከሄደ ቆየ" አሉ በመጨረሻ። "ሌላኛውም ቀጭን ድምፅ አይዝልኝም። ባለፈው ወር ከአዋሽ ስመለስ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ሲጮህ አልሰማሁትም። ረዳቴ ሓዱሽ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እንፋሎት ጋቢናውን ሲሞላ ነው ያወቅነው። እኔ! ሞተር በማዳመጥ የተከበርኩት ሰውዬ! ሓዱሽን ራዲያተሩ ነው ብዬ ዋሸሁት።"

"ለዚህ ነዋ ጌጁ።"

"ለዚህ ነው። ጆሮዬ ቢከዳኝ ዓይኔ አለ ብዬ።" መሪውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ለሰው ብናገር መሪውን የሚነጥቁኝ መሰለኝ።"

ሪሐና የመጣላትን ተናገረች።

"ጋሼ፣ በዚያ ክረምት ሦስቴ ሲመጡልኝ... ዋይፐሩን ራስዎ መሥራት አይችሉም ነበር? ዕድሜ ልክዎን የራስዎን ሽቦ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነዎት።"

አቶ ገብረጻድቃን ዞር ብለው አዩዋት፤ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ፊውዙን ነቅዬ ነበር የመጣሁት።"

"ምን?"

"የዋይፐሩን ፊውዝ። ኪሴ ውስጥ ነበር። የክላክሱን ደግሞ ሽቦውን ነው የፈታሁት። እንዴት ቶሎ አገኘሽው! በአምስት ደቂቃ። ያን ቀን ነው ይቺ ልጅ ትችላለች ያልኩት።"

ሪሐና እንባዋ ሳታስበው መጣ። በቱታዋ እጅጌ ጠረገችው፤ ጉንጯ ላይ ጥቁር ዘይት ቀረ። ለአራት ዓመት ያቆየችው ምስጋና ሲወጣ ሁለት ቃል ብቻ ሆነ።

"እግዜር ይስጥልኝ።"

"አንቺንም ይስጥሽ፣ ልጄ። ዛሬ የነገርሽኝ ከዚያ ይበልጣል።"

ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሪሐና ጯኺዋን ነቅላ ጣለቻት። በዳሽቦርዱ መሐል፣ መሪው ፊት ለፊት፣ ኤንትሬዋ ተሳቢ ትጎትት በነበረበት ዘመን ለተሳቢው ምልክት የሚሆን አንድ መብራት ነበር፤ ተሳቢው ከተሸጠ ወዲህ በርቶ አያውቅም። አዲስ አምፖል አስገባችበት፣ መስታወቱን በቀይ ቀየረችው፣ ከጌጁ ጋር አገናኘችው። ዲሪባ እንደገና የፈላ ውሃ ይዞ መጣ። መርፌው ሰማንያ አምስትን ሲያልፍ ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ ጋቢናውን አቀላው፤ የአቶ ገብረጻድቃን ነጭ ጺም ሳይቀር ቀላ።

"አየሁት!" አሉ ጮክ ብለው። "አየሁት!"

ሴንሰሩ ቦታው ላይ ታሰረ። ሞተሩ ተነሳ፤ የዘይቱ መርፌ ወዲያው ከፍ አለ፣ የሙቀቱ ቀስ እያለ ተከተለው። አቶ ገብረጻድቃን ድምፁን ለመያዝ አንገታቸውን ዘንበል አላደረጉም። መርፌዎቹን ብቻ አዩ።

"መብራቱ ለሞተሩ ነው እንጂ ለሰው አይሆንም፣ ጋሼ" አለች ሪሐና እንዲሰሟት ጠጋ ብላ። "መንገድ ላይ ሰው ይጮሃል፣ ክላክስ ይነፋል።"

"ገብቶኛል። ሓዱሽ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ እስኪ እሱ ይንዳ። እኔ ጌጁን አያለሁ።" ይህን ሲሉ ቀለል ያላቸው ይመስሉ ነበር። ሓዱሽ ዘንድ ሰው ላኩ፤ ሲመሽ መጥቶ መኪናዋን እንዲያወጣት።

ሪሐና ዕቃዎቿን እየሰበሰበች ሳለ በሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ብርሃን አየች። ስልካቸው እየጠራ ነው። በእጇ አመለከተቻቸው። አውጥተው ስሙን አዩና መልሰው ሊከቱት አሉ።

"አያነሱትም?"

"ሄኒ ናት፣ ሴት ልጄ። ሐዋሳ ነው የምታስተምረው። በየሳምንቱ ትደውላለች።" ስልኩን በመዳፋቸው ጨበጥ አደረጉት። "የምትለው አይያዝልኝም። ኔትወርክ የለም እያልኩ እዘጋባታለሁ። ተቀይሞኛል ብላ ለእናቷ አልቅሳለች አሉ።"

ስልኩ መጥራቱን ቀጠለ። እሳቸው አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሪሐናን አዩና ስልኩን ዘረጉላት።

"ስፒከር ላይ አድርጊልኝ።"

ተጭና መለሰችላቸው። ደህና ወደሆነው ጆሯቸው አስጠጉት።

"አባዬ? አባዬ፣ ይሰማሃል? ኔትወርኩ..."

"ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ሄኒዬ" አሉ አቶ ገብረጻድቃን። "ጮክ ብለሽ አውሪኝ። ጆሮዬ ነው የማይሰማው።"