የቸኮሌት ፏፏቴው የፈሰሰበት ማምሻ

ዒድ ካለፈ በኋላም ኩዌት በኮሮና እንደተዘጋች ነበረች። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ማምሻውን ለጥቂት ጊዜ፣ ያውም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በገዛ ሰፈሩ በእግሩ ወዲያ ወዲህ ለማለት ብቻ ነው። ቁርጡባ በሚባል ሰፈር በአንድ ቪላ የምትሠራው ሙንተሀ ግን ልቧ ያለው ጅሊብ የሚባለው ሰፈር ነበር። ታላቅ እህቷ መሕቡባ እዚያ ከአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች፤ ጅሊብ ደግሞ በሽታው በርትቶበታል ተብሎ መግቢያ መውጫው ከታጠረ ሰንብቷል። በመኪና ቅርብ የነበረው መንገድ ከወሎም የራቀ ሆነ።

ሙንተሀን አዝላ ያሳደገቻት መሕቡባ ናት፤ ኩዌትም ያመጣቻት እሷው። ኮሮና ሳይመጣ በየሠርጉና በየልደቱ የቸኮሌት ፏፏቴ፣ የቀለጠ ቸኮሌት ከላይ ወደ ታች የሚያፈስ መሣሪያ፣ እያቆመች ነበር የምታድረው፤ እጇን የቀመሱ ማዳሞች ሌላ ሰው አይጠሩም።

የሙንተሀ ማዳም ልጅ ደላል ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። እንግዳ መጥራት ክልክል ስለሆነ ልጅቷ ስታለቅስ ሰነበተች፤ ማዳምም ተገዝቶ የተቀመጠ ፏፏቴ ከዕቃ ቤት አወጣችላት። ከልደቱ በፊት ሙንተሀ ብትሞክረው ቸኮሌቱ እንደ ጭቃ ረጋ። ወደ እህቷ ደወለች።

«እታለም፣ እምቢ አለኝ እኮ!»

«ውሃ አስነክተሽዋል?»

«ማንኪያው ትንሽ እርጥብ ነበር።»

መሕቡባ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉም አልለቅ አላት። «ቸኮሌት ውሃ አይወድም። ሌላ አቅልጪና ዘይት ጠብ አርጊበት፣ ይቀጥንልሻል።»

«ሳልሽ ምንድን ነው?»

«አቧራ ነው። ይልቅ ስሚኝ። እንጆሪና ሙዝ ማንም ያቀርባል። አንቺ ቴምሩን ፍሬውን አውጪና ለውዝ ወትፊበት፤ ቸኮሌት ካለበስሽው በኋላ የተፈጨ የፒስታስዮ ለውዝ ላይ አንከባሊው። ቂጣም በስሱ ጋግሪና እንደ ሲጋራ ጠቅልለሽ ንከሪው፣ ልጆች ይሻሙበታል። እንግዳ ቤት ካልገባ ደግሞ ፏፏቴው ደጅ ይውጣ! ማምሻውን የሚያልፉትን ልጆች በየኩባያቸው አድያቸው።»

«ሐኪም ቤት ሂጂ፣ እታለም።»

«በየትኛው ኢቃማ? የመኖሪያ ወረቀቴ ካለቀ ቆየ እኮ። አብሽሪ ሙኔ፣ ያልፋል።»

በልደቱ ቀን ሙንተሀ ጠረጴዛውን የግቢው በር ላይ ዘረጋች። ቸኮሌቱ ከላይ ወደ ታች ሳይቆራረጥ ወረደ። የጎረቤት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ሲያልፉ ሽታው አስቆማቸው፤ ተራርቀው ተሰለፉ፤ ደላልም ከበሩ ውስጥ ሆና የሁሉንም ስም እየጠራች ትዘላለች። የተጠቀለለው ቂጣ ወዲያው አለቀ። ማዳም እንኳ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷ ታየ።

ሙንተሀ ደስታው አላስችል ብሏት በቪዲዮ ደወለች። ስልኩ እንደተነሳ ወደ ፏፏቴው አዞረችው። «እታለም፣ እይልኝማ! ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ!»

የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነው። ስልኩን ወደ ራሷ ብትመልሰው፣ የምታለቅሰው ከእህቷ ጋር ክፍል የምትጋራው ጣይባ ናት።

«ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት አምቡላንስ ወሰዳት» አለች ጣይባ። «አሁን ከሐኪም ቤት ደወሉ። ሙንተሀ... መሕቡባ የለችም።»

ፊት ለፊቷ አንድ ሕፃን ኩባያውን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሙንተሀ ቴምር ሰካች፣ ነከረች፣ ሰጠችው። ለሚቀጥለውም ሰጠች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ማዳም ነገሩን ስትሰማ ፏፏቴውን በገዛ እጇ አጠፋችው። «አላህ ይርሐማት» አለች። ሙንተሀ ልያት ብላ ለመነቻት፤ ማዳም ለሐኪም ቤቱ ደወለች፣ ለምታውቀው ፖሊስም ደወለች። ሁሉም አይቻልም አሉ። መሕቡባን የማታውቃቸው ሰዎች አጠቧት፣ የማታውቃቸው ሰዎች ቀበሯት። ሙንተሀ በክፍሏ ብቻዋን ሰገደችላት።

ከቀናት በኋላ እናታቸው ከወሎ ደወለች። «መሕቡባ ስልኳ አይሠራም፤ ደኅና ናት?»

«ተበላሽቶባት ነው፣ እማ።»

ስልኩን ስትዘጋ አፏን በሻሿ አፍና ጮኸች። ከዚያ ለአጎቷ ለይማም ደውላ እውነቱን ነገረችው። «አንተ ንገራት፣ እኔስ አንደበቴ አይታዘዝልኝም» አለችው። ይማም ሽማግሌዎች ይዞ ጎሕ ሲቀድ ከእናቷ ደጃፍ ደረሰ።

ረፋዱ ላይ ሙንተሀ ኩሽና ሳለች ስልኳ ጠራ። የእናቷ ድምፅ በጩኸት ብዛት ሰልሏል። ከኋላዋ የለቀስተኛው ዋይታ ይሰማል።

«ልጄ» አለች እናቷ፣ «እኔስ አገር ሙሉ አብሮኝ እያለቀሰ ነው። አንቺ ማን አለሽ? ያን ሁሉ ቀን ይዘሽው ብቻሽን ነበርሽ?»

«ጣይባ አለች፣ በስልክ።»

«በስልክ!» አለች እናቷ። «በይ አትዝጊው። አሁን ከእኔ ጋር አልቅሺ።»

ማዳም ከሳሎን ተጣራች፤ ከኩሽናው ለቅሶ ስትሰማ ግን መጣራቷን ተወች።