ባለሙያ መ

አባቷ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሶፋው ላይ፣ ስድስቱ ከጎረቤት በመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ፣ አክስቷ ደግሞ በሩ አጠገብ። እሷ ሻይ እየቀዳች ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ አባቷ የምታውቀው ይህን ነው፦ ሠላሳ አንድ ዓመት ደመወዝ ክፍል የሠራ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ያለ ምክንያት ከብቸኛ ልጁ የሸሸ፣ ልቡ በድንገት ቀጥ ብሎበት የሞተ ሰው።

«እኛማ ካዝናው ነበር የምንለው» አለ ከሶፋው ላይ የአባቷ ባልደረባ። ይህን ሰው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋዜጣ ይለዋል፤ ወሬ እሱ ጋ ደርሶ አድሮ አያውቅም። «አንድ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቴ ጠፋብኝና፣ ባለፈው ወር ስንት ነበር የደረሰኝ ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና መታወቂያ ይዘሃል? አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ወደ ሻያቸው አቀረቀሩ። እሷም ሳቀች። ሙያዋ የአባቷ ሙያ ነው፤ በሌላ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ትሠራለች። ከዓመት በፊት ደግሞ የደመወዝ ባለሙያዎች ማኅበር ከሥነ ምግባር ኮሚቴው አምስት አባላት አንዷ አድርጎ መርጧታል፤ ከሁሉም በዕድሜ ታናሽ እሷ ናት። የተመረጠች ቀን እየሮጠች መጥታ ስትነግረው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። «ጉዳዩ አንቺ ፊት ካለ ሰው ጋር ሻይ እንኳ እንዳትጠጪ።» ቅር ብሏት ነበር። ሌላ አባት ቢሆን ግብዣ ይደግስ ነበር።

በሩ ተንኳኳና ማንም የማያውቃት ሴት ገባች። ተቀመጠች፣ ሻይ ተቀበለች፣ ዘመድ ናት ወይ ተብላ ስትጠየቅ ጎንበስ ብላ መለሰች። ነርስ ናት፤ ከከተማው ማዶ ባለው ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል ትሠራለች።

«ሐሙስ ሐሙስ እኛ ጋ ነበሩ» አለች። «መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የሳቸው ነበር። ሌላው ሕመምተኛ መርፌው ሲሰካ ያማርራል፤ እሳቸው የተራ መዝገባችንን ሲያገላብጡ ውለው ሁለት ስህተት አረሙልን።»

ልጅቱ ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ ዓይኗን ወደ መጋረጃው አሸሸች።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት?»

ነርሷ ሐዘን ያናገራት መስሏት እጇን ያዘቻት። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ገብተው ስድስት ሰዓት ላይ ይወጡ ነበር አለቻት፤ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ አምስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ መድኃኒቱ እንደማይሠራ ነግረዋቸው አቋረጡ።

በየሁለት ሳምንቱ። ሐሙስ። አምስት ጊዜ። ልቧ መደለቅ ጀመረ። ይህን የልብ ምት ታውቀዋለች፤ ሲያስቸግር የከረመ ሒሳብ ሊገጥም ሲል የሚመጣው ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ የታሸገ ፖስታ ነበር። በኮሚቴው አሠራር አባላት የሚያነቡት ፋይል ላይ የሰውም የድርጅትም ስም የለም። ማንም በዝና ወይም በዝምድና እንዳይፈርድ ጸሐፊው ስሙን ሁሉ በፊደል ተክቶ፣ የእጅ ጽሑፉን ሁሉ ራሱ ታይፕ አድርጎ ነው የሚያድለው። ፖስታው ውስጥ ያለው ጉዳይ ቀላል ነው። ባለሙያ ሀ የተባለው ሰው በየሁለት ሳምንቱ በሚከፈል የደመወዝ ዝርዝር ላይ ሥራ የለቀቁ ሰዎችን ስም አስገብቷል። አምስት ዝርዝሮች። በአምስቱም ላይ «አረጋጋጭ» በሚለው ቦታ የባለሙያ መ ፊርማ አለ፤ አምስቱም የተፈረሙት ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ተኩል ገደማ ነው። መጀመሪያ የተከሰሰው ባለሙያ ሀ ብቻ ነበር። ባለሙያ መም ይከሰስ ያለችው እሷ ናት።

የባለሙያ መ መልስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ፊርማው የእኔ አይደለም። በእነዚያ ጠዋቶች የት እንደነበርኩ ግን ለኮሚቴው መግለጽ አልችልም። ሁለተኛውን በቀይ አስምራበታለች። ባለፈው ስብሰባ ላይም «የት እንደነበረ የማይናገር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» ብላ ተናግራ፣ ሰብሳቢው ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ነበር። ጉዳዩ የሚወሰነው ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ሌላ ማስረጃ ካልመጣ ባለሙያ መም ከሙያው መዝገብ ይሰረዛል።

አክስቷን ክንዷን ይዛ ወደ ኩሽና ወሰደቻት።

«አትቆጪኝ» አለች አክስቷ ገና በሩ ሳይዘጋ። «አስምሎኝ ነው። ከሰማች ሥራዋን ጥላ እኔን ስታስታምም ትኖራለች፤ ገና አሁን ሰው ፊት መቆም ጀመረች አለኝ። ምን ላድርግ?»

«ካርድ ነበረው? የቀጠሮ ካርድ?»

አክስቷ ከታጠፉት የጠረጴዛ ልብሶች ሥር አንድ ቢጫ ካርድ አወጣች። የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የክፍሉ ማኅተም። ፖስታውን መክፈት አላስፈለጋትም፤ ቀኖቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። ጥፍሯን ከላይ ወደ ታች አወረደች። አንደኛው ገጠመ። ሁለተኛው ገጠመ። አምስተኛው ላይ ስትደርስ የዱቄት በርሜሉ ላይ ተቀመጠች።

ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ጊዜ ሙቀት ነው ብሏት ነበር። አመነችው። ከመቶ ገጽ ዝርዝር ውስጥ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር ነቅሳ የምታወጣው ልጅ፣ በየእሑዱ ምሳ እየበላች ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው ክሳት አላየችም።

ከዚያ ደግሞ ምሳው ራሱ ቀረ። የዛሬ አሥራ አንድ ሳምንት ደውሎ ሥራ በዝቶብኛል፣ ሲያልቅ እንበላለን አላት። አላምን ብላ መጣች። የግቢው በር ላይ ወጥቶ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ቆሞ አነጋገራት፤ ግቢ አላላትም። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች። በሹመቴ ቀንቶ ይሆን ብላ እስከማሰብ ደርሳ ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ሳምንት የክሱ ደብዳቤ ለባለሙያ መ የደረሰበት ሳምንት ነው።

«ሻይ እንኳ» አለች ጮክ ብላ።

«ሻዩ አለቀ?»

«የለም፣ እትዬ። ሻይ እንኳ እንዳትጠጪ ብሎኝ ነበር።» እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። «አልሸሸኝም። ጉዳዩ እኔ ፊት ነበራ።»

አክስቷ ግንባሯን ዳበሰችላት፤ ትኩሳት ግን አልነበረባትም። ልጅቱ ተነስታ ኩሽናው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለች። አንድ መስመር ጽፎ ልጄ ከጉዳዩ ትነሳ ቢል ይበቃው ነበር። ያን ቢያደርግ ግን እሷ ለምን ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሐሙስ የት ይውል እንደነበር ታውቃለች። ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታውንም እሷው በቀይ አሰመረችበት።

ለኮሚቴው ጸሐፊ ደወለች። ሰውየው እግዚአብሔር ያጥናዎት ብሎ፣ በሐዘን ላይ ሆና ስለ ሥራ ማሰብ እንደሌለባት መከራት። እሷም «ማን ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም፣ የአባቴን ሙሉ ስም እነግርዎታለሁ፣ ከፋይሉ ጋር ያመሳክሩልኝ» አለችው። የአባላት ዝምድና ፋይሉ ሲከፈት ተጣርቷል ብሎ መለሰ።

«የሁለቱም ሰዎች ተጣርቷል ወይስ የባለሙያ ሀ ብቻ?»

ባለሙያ መ ወደ ክሱ የገባው በኋላ ነው፤ ማጣራቱ አልተደገመም። መሳቢያ ሲሳብ ሰማች፣ ቀጥሎ ወረቀት ሲገለጥ። ከዚያ ያ ሰው፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት የነገራትን ሁሉ የረሳ ይመስል፣ ቀስ ብሎ እንደገና «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አላት።

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከጉዳዩ መነሳቷን እዚያው አስመዘገበች። ጸሐፊው ደንቡን አስታወሳት፤ የተያዘ ጉዳይ መሐል ላይ የተነሳ አባል ወደ ወንበሩ አይመለስም። አውቃለሁ አለችው።

አክስቷ ሁሉንም ቆማ ሰምታለች፤ የክሱንም ነገር ልጅቱ በሁለት ቃል ነገረቻት።

«ምን ማለትሽ ነው? ወንድሜን ሌባ ብለው ሊጽፉት ሲሉ አንቺ ትነሻለሽ? ዝም ብለሽ ግቢና ነፃ ነው በያቸው። ማን ያውቅብሻል?»

«እሱ አሥራ አንድ እሑድ ብቻውን የበላው ይህን ላለማፍረስ ነው። እኔ በአንድ ጠዋት አላፈርሰውም።» ካርዱን አነሳች። «ደግሞ ፈራጅ ሆኜ ይህን ማሳየት አልችልም። ምስክር ሆኜ ግን እችላለሁ።»

አክስቷ ካርዱን አየት አደረገች። «እና ከፈራጅ ወንበር ወርደሽ የምስክሩ ላይ ልትቀመጪ ነው?»

«አዎ።»

«አንቺስ የሱ ልጅ ነሽ» አለች አክስቷ በብስጭት፤ ወጥታም ለነርሷ ትኩስ ሻይ ቀዳችላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለቅሶ ቤት የሚያልፉ አይመስሉም ነበር። ጠዋት ጠዋት እንግዳ ትቀበላለች፣ ከሰዓት ሆስፒታል ትሮጣለች። ነርሷ ካርዱን ከክፍሉ መዝገብ ጋር አስተያይታ ፈረመችላት፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ማኅተም ለመምታት ሁለት ቀን ጠየቀ፣ እሷ ግን ቆማ ጠብቃ በአንድ ሰዓት አስመታችው። በእናቴ ሞት እንኳ እንደዚህ ያለ ችኮላ አላየሁም ብሎ አጉረመረመ። ሌሊት ተኝታ ስትነቃ መጀመሪያ የሚመጣባት ደስታ ነው፤ ቀጥሎ አባቷ መሞቱ። ይህን ለማንም አልነገረችም።

ጋዜጣ ግን ዓይን አለው። በሰባተኛው ቀን ጠጋ አላት።

«ልጄ፣ ፊትሽ በርቷል። የሆነ ነገር አለ። አለቃችን ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ለቅሶ አልደረሰም፤ ሥራ በዛብኝ ይላል። ንገሪኝ እስቲ፣ ለማንም አልተነፍስም።»

«መታወቂያ ይዘዋል?» አለችው።

የጋዜጣ ዓይን እንባ ሞላ፤ ባርኔጣውን አንስቶ ወጥቶ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን በማኅበሩ ኮሪደር ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ጠራት። አራቱ አባላት በቦታቸው ነበሩ፤ የሷ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ተገፍቶ ባዶውን ቆሟል። ባለሙያ ሀም ከጥግ ተቀምጧል፤ አሁን ስሙን ማንም ባይነግራትም የማን አለቃ እንደሆነ ታውቃለች። አልተመለከተችውም። ሰብሳቢው፣ በሐዘን ላይ ስለሆኑ ምስክርነቱን በጽሑፍ ሊያቀርቡ ይችላሉ አሏት። በቃል እናገራለሁ አለች።

«ባለሙያ መ ይከሰስ ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የት እንደነበረ ባለመናገሩ ጥፋተኛ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። የት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ።»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አምስቱን ቀኖች ከነሰዓታቸው፣ አንድም ሳትዘል፣ ከዝርዝሮቹ ቀን ጋር እያጣመረች ተናገረች። ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ፤ ሰብሳቢው ቀስ ይበሉ ቢሏትም አልቻለችም። የአምስተኛውን ስትጨርስ ከአባላቱ አንዱ መነጽሩን አውልቆ ካርዱን ወደ ብርሃኑ ያዘው። ባለሙያ ሀ ጥያቄ እንዳለው ሲጠየቅ የለኝም አለ።

ጸሐፊው የምስክር ቅጹን አቀረበላት። ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ሙያ፣ አድራሻ፤ እጇ ሳያርፍ ሞላችው። የመጨረሻው መስመር ከባለጉዳዩ ጋር ያለዎት ዝምድና ይላል። እዚያ ላይ ቆመች። «ልጁ» ብላ ጻፈች። በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር መድረቅ አያስፈልገውም፤ እሷ ግን ሰው ሁሉ እየጠበቃት ቃሉን በመዳፏ ጋርዳ ቆየች። ማንም ቶሎ በይ አላላትም። በመጨረሻ እጇን አንስታ ወረቀቱን ለጸሐፊው ሰጠችና ወጣች።

ምስክርነቷ አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። መናገር ከጀመረች በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ኮሚቴው ባለሙያ መን በአራት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ ነፃ አለው።