የለገሠ ቀኝ ክንድ

የለገሠ ቀኝ ክርን ተበላሸ። በዐሥራ አራት ዓመቱ ክንዱ እንደ ማጭድ ታጥፎ ቀረ።

ሕመሙ የጀመረው በ1925 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐረር ከተማ ፈላና በር አጠገብ በሚኖር የግሪክ ነጋዴ ግቢ ቴኒስ መጫወት ሲለምድ ነው። ራኬቱ የአዋቂ ነበር፤ ይከብደዋል። ሆኖም ጎበዝ ወጣውና ነጋዴው ከጥምቀት በኋላ ከድሬዳዋ ልጆች ጋር ሊያጋጥመው ቃል ገባለት። ከዚያ ወዲያ ለገሠ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ክርኑ ሲያብጥ እኅቱ ጽጌሬዳ ጀጎል ግንብ ውስጥ ወደሚኖሩት ወጌሻ፣ ወደ መስቱራ ወሰደችው። አሮጊቷ ዳሰሱት።

«ወላሂ፣ ይህ አጥንት ገና ለጋ ነው። እስኪድን ምንም እንዳይመታ፣ ምንም እንዳይወረውር።»

ጽጌሬዳ በልቧ የያዘችውም፣ ለአባቷ የነገረችውም መምታቱን ብቻ ነው። ቤት እንደገባች ራኬቱን ጎተራ ውስጥ ማሽላ ሥር ቀበረችው።

«ምቀኛ!» አላት ለገሠ።

«ስትድን ትወስደዋለህ።»

አባታቸው ግራዝማች እንደሻው ደስ አላቸው። «ተመስገን! የፈረንጅ እንቶ ፈንቶ ቀረልን።» ጥምቀት ቀርቦ ነበር፤ በጥምቀት ደግሞ ጉግስ አለ። ልጃቸውን በየማለዳው ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር እየወሰዱ ከፈረስ ላይ ዘንግ ያስወረውሩት ጀመር። ሲያቃስት፣ «የተሳሰረ ክንድ በውርወራ ይፈታል፤ እኔንም አባቴ ያሳደጉኝ እንዲህ ነው» ይሉታል።

ጽጌሬዳ ፈረሱ ሲወጣ ታያለች። ኳሱ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ ዘንግ ግን የቤታቸው ወግ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረችውም።

በከተራ ጠዋት ዘንጉ ከእጁ ሲወጣ ክርኑ ቀጭ አለ። ልጁ ከፈረሱ አንገት ላይ ተደፋ።

መስቱራ ተጠርተው መጡ። «ምን አድርጋችሁት ነው?»

«ኳስ አልነካም፤ ራኬቱን ደብቄበታለሁ» አለች ጽጌሬዳ። «ዘንግ ብቻ ነው የወረወረው።»

«ክንዱ ዘንግና ኳስ ይለያል እንዴ?»

ግራዝማች ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ። «ብቻ ይዳንልኝ። ወደ ቴኒሱም እኔው ራሴ እወስደዋለሁ።»

«አስረዋለሁ፣ ግራዝማች። መዘርጋቱን ግን አላህ ያውቃል።»

እሥሩ የተፈታው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ክርኑ አልተዘረጋም። ጽጌሬዳ ራኬቱን ከማሽላው ውስጥ አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«በግራህ ሞክረው።»

«በግራ ደግሞ ምን ሊሆን!» አሉ አባቱ።

ለገሠ የራኬቱን እጀታ በቀኙ ጨበጠ። ከትከሻው በላይ ሊያነሳው ቢታገል አገጩ ጋ ሲደርስ ቀረ።

«የድሬዳዋ ልጆች መጥተው ሄዱ» አለ። «ማንም አልነገረኝም።»

ራኬቱን እኅቱ እግር ሥር አስቀምጦ ወጣ። መዝጊያውን ወደ ኋላው በቀኙ ሊስብ ሞከረ፤ አልደረሰለትም። ዞሮ በግራው ዘጋው።