የአልጋ ሥር ጨው

ልብስ ሰፊው ዘርአጽዮን በሽታው ሲነሳበት ከግራ ሽንጡ ጀምሮ እስከ ተረከዙ ይወርድበታል። የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ከዋለማ ክረምት በጋ አይልም። ሐኪሙ ነርቭ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠው፣ ወጌሻው አሸው፣ ቦሌ ሚካኤልም ጸበል ተጠመቀ። የሚያስታግስለት ግን የጎረቤቱ የባለሱቁ የአብዱልገኒ ጨው ብቻ ነው። የአብዱልገኒ ሚስት ሐሚዳ ጨዉን በብረት ድስት አግላ በጨርቅ ትቋጥራለች፤ አብዱልገኒ ይዞ ይመጣና ያስርለታል። እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ።

በ1970 ጨው ከገበያ ሲጠፋ አብዱልገኒ ለጎረቤቱ ብሎ ሩብ ጆንያ አልጋው ሥር ሸሸገ። ደግ ሰው መቼም ለራሱ አያውቅበትም። አብዮት ጠባቂዎች ቤቱን ሲበረብሩ አገኙትና የኢኮኖሚ አሻጥረኛ አሉት።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አብዱልገኒን ከነጆንያው ፊት ለፊት አቆሙት። ሐሚዳ ልትናገር ብትነሳ የሚስት ምስክር አንሰማም ተብላ ተቀመጠች። ጨዉ ለማን እንደተሸሸገ የሚያውቅ ሌላ ሰው ዘርአጽዮን ብቻ ነበር። አብዱልገኒ ጎረቤቱን አብሮ ላለማስያዝ ስሙን አልጠራም፤ ዓይኑን ብቻ ወደ እሱ ጣል አደረገ።

“የሚመሰክርለት ካለ ይነሳ” አለ ሊቀመንበሩ።

ዘርአጽዮን ሊነሳ አግዳሚውን ጨበጠ። ባለፈው ወር ለሰው የመሰከረው መካኒኩ ገብረዋሕድ በዚያው እንደቀረ ትዝ አለው። ያኔ ሽንጡን ውግት አደረገው፤ ወይም ያደረገው መሰለው። ወገቤ ነው፣ ምን ላድርግ ብሎ ለራሱ ነገረና መልሶ ተቀመጠ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የዘርአጽዮን እናት ግን ከሞቱ ቆይተዋል። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ ጠይቆ አብዱልገኒን አስወሰደው።

ሐሚዳ ዘርአጽዮንን የአዳራሹ በር ላይ ጠበቀችው።

“ጋሽ ዘርአጽዮን፣ በሽታው ተነስቶብዎት ነው አይደል? ሊነሱ ሲሉ አይቻለሁ። እሱም አይቷል፤ አይቀየምዎትም።”

ማፈሩንስ አፈረ። ቢሆንም ቆራረጠኝ አላት። መንገዳቸው አንድ ስለነበር ግድግዳ እየተደገፈ፣ እያቃሰተ፣ እግሩን እየጎተተ አብሯት ሄደ። እሷ የራሷ ሐዘን ሳያንሳት ለእሱ ስትል ቀስ እያለች ትራመድለት ነበር። ጨዉን ስለወሰዱት አሸዋ አግላ እንደምትልክለትም ነገረችው።

ደጃፏ ሲደርሱ ቁልፏን እንደያዘች ዞር ብላ እግሩን አየች።

“የሚያምዎት እኮ ግራው ነበር” አለችው። ገብታ በሩን ዘጋች።

ዘርአጽዮን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ያን ሁሉ መንገድ ሲጎትት የመጣው ቀኙን ነበር።

እውነተኛው በሽታ በሦስተኛው ቀን መጣበት። አሸዋ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም።