የመልካሙ ከንፈር

መልካሙ ቦዲቲ ከተማ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ቀን በጀሪካን የገዛውን ቤንዚን ሲቀዳ እሳት ተነሥቶ ሁለት እግሮቹን እስከ ጭኑ አቃጠለው። ሚስቱ እልፍነሽ የዚያኑ ዕለት ሶዶ ወስዳ ሆስፒታል አስገባችው።

ዶክተር ኪሩቤል ቁስሉን አዲስ በመጣ ፋሻ ሸፈነለት። ፋሻው ላይ ለጌጥ ከሚሆነው ብር የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች እንዳሉና ጀርም እንደሚገድሉ አስረዳት። እውነትም ቁስሉ መሽተቱን ተወ፤ ትኩሳቱም በረደለት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እልፍነሽ ፊቱን ስታጥበው ከንፈሩ አመድ መስሎ ታያት። በፎጣ ደጋግማ አሸችው፤ አልለቀቀም። አባቷ ሊሞት ሲል ከንፈሩ እንዲሁ ሆኖ ነበር።

ነርሷን ሐመልማልን ጠራቻት። ሐመልማል ፋሻው ቆዳ እንደሚያጠቁር ነግራ ልታረጋጋት ሞከረች።

«ፋሻው ያለው እግሩ ላይ ነው። ከንፈሩን ምን ነካው?» አለቻት እልፍነሽ።

ሐመልማል ጎንበስ ብላ ከንፈሩን አየች፤ የደሙን ኦክስጅን ለካች፤ ደህና ነበር። ከዚያ ፈጥና ወጣች። እልፍነሽን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ያ አወጣጧ ነው።

ሐመልማል የጠራችው ዶክተር ያዘዘው የደም ምርመራ ጉበቱ እንደተጎዳ አሳየ። ኪሩቤል ብሩ በቁስሉ በኩል ወደ ደሙ ገብቶ ከንፈሩን ሳያጠቁር እንዳልቀረ፣ በደም ውስጥ ያለ ብር የሚለካ መሣሪያ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ እንደሌለ ነገራት። ፋሻው ከቆየ ጉበቱ ሊብስበት ይችላል፤ ከተነሣ ደግሞ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል።

«ዶክተር፣ ወንድምዎ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

«አነሣው ነበር» አላት። «ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

እልፍነሽ ይነሣ አለች። ቁስሉ ቫዝሊን በተቀባ ተራ የቁስል ጨርቅ ተሸፈነ። በማግስቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። እህል አልወርድላት ብሎ ግንባሩን እየዳሰሰች በወላይትኛ ትጸልይ ጀመር፤ ባሌን በገዛ አፌ ገደልሁት እያለች። የሚወስደው የጀርም መድኃኒት ተቀየረለት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ፤ ጉበቱም ማገገም ያዘ። የከንፈሩ ቀለም ግን ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ከሆስፒታሉ ሊወጡ ሲሉ እናቷ በእሳት የተቃጠሉባት፣ ከገሱባ ከተማ የመጣች ሴት እልፍነሽን አስቆመቻት። ያው ፋሻ ሊደረግላቸው ነው፤ እሺ ልበል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ይደረግላቸው፤ የመልካሙን ቁስል ከመሽተት ያዳነው እሱ ነው» አለቻት እልፍነሽ። «ደማቸው ግን ቶሎ ቶሎ ይታይ። ያላማረሽን ነገር ስታዪ ዝም አትበዪ።»